የእናቴ እግርና የእኔ ሙጫ

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ደረጃው ጠባብ በሆነ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዊግ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። ሙሽራ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ዘፋኝ፣ የፓስተር ሚስት፣ ማን ያልመጣ አለ! ግንባራቸውን በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ሙጫውን በቀጭን ብሩሽ እቀባለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ ዊጉን አስቀምጣለሁ። በሚኒባሱ ታክሲ፣ በማታቱ መስኮት የሚገባው ንፋስ እንዳያነሳው፣ ዝናብም ጭፈራም እንዳይበግረው። ሲነሳ ደግሞ ቅንድብ ይዞ እንዳይሄድ። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ በጣም እወደው ነበር።

አንድ ቀን ዊግ ልታስለጥፍ የመጣች ኬንያዊት፣ እንደተቀመጠች በጥያቄ ታጣድፈኝ ጀመር። ለምንድን ነው ጠንካራውን ሙጫ ግንባር ላይ፣ ለስላሳውን ጆሮ አጠገብ የምታደርጊው? ላብ ሲመጣ ምን ይሆናል? እኔ ደግሞ ስለ ሙጫ ከጠየቁኝ ማን ያቆመኛል! እጄን እያወናጨፍኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ለካ ሴትዮዋ ኢንጂነር ናት፤ የቁስል ማሸጊያ የሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ልትከፍት ነው። "ስለ ቆዳ እንዳንቺ የሚያወራ ሰው ዩኒቨርሲቲም አላገኘሁም" አለችኝና እዚያው ወንበር ላይ ሆና ሥራ ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቃዬ ናት። እኔ "ማዳም" እላታለሁ፣ እሷ "የሙጫ ዶክተር" ትለኛለች።

ሥራው ምን መሰላችሁ? አንድን ነገር "ያዝ!" እያልክ፣ ያንኑ ነገር "ልቀቅ!" ማለት ነው። ቁስል ላይ የሚለጠፍ ነገር ሰውየው ሲራመድ፣ ሲተኛ፣ ሲታጠብ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሲነሳ ግን አዲሱን ቆዳ ይዞ ከመጣ ያዳነውን መልሶ አቆሰለው ማለት ነው። ወርክሾፓችን ሁለት ክፍል ነው። አንዷ ክፍል ውስጥ የተለጠፈውን ቀስ ብላ እየላጠች ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ የምትነግረን ማሽን አለች። ለእሷ ያለኝ ፍቅር ለሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አግብቼ ነበር። ማሽኗ ካሳለፈችው በኋላ ክንዳችን ላይ እንለጥፈዋለን። የሁላችንም ክንድ አልፎ አልፎ ፀጉር የለውም፤ እሱ ነው የመሥሪያ ቤታችን መታወቂያ።

እንግዲህ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ሳይሞላኝ ነው እናቴ ማታቱ ስትሳፈር እግሯን በደረጃው ጠርዝ የተጋጨችው።

የምንኖረው ሁርሊንግሃም፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ እኔና እሷ ብቻ። ስኳር አለባት። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ግጭቱ መጀመሪያ ጭረት ነበር፤ ከዚያ ግራ ቅልጥሟ ላይ፣ ወደ ውጭ በኩል፣ የማይደርቅ ቁስል ሆነ። ነርስ ረቡዕና ቅዳሜ ቤት ድረስ እየመጣች ታጥብላታለች። የተለመደውን ፕላስተር ስታነሳ "ፖሌ ሳና፣ ማማ" ብላ በስዋሂሊ ታጽናናታለች፤ እናቴ ደግሞ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ትከሻዬን ጨምድዳ ትይዛለች። ጥፍሯ ትከሻዬ ላይ ምልክት ጥሎ ይሄድ ነበር።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? "ቆይ፣ የእናቴን እግርማ እኔ ነኝ የምሠራላት!" ጨርቄን ማቄን ሳልል ወርክሾፕ ገባሁ። እናቴ በየንጋቱ ተንበርክካ ነው የምትጸልየው፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ የቅልጥሟ ቆዳ ይወጠራል። ስለዚህ ጠንካራ ሙጫ መረጥኩ። ማዳም የእናቴን ሐኪም ፈቃድ አመጣች፣ እናቴም የስምምነቱ ወረቀት በአማርኛ ካልተነበበልኝ ብላ አስነብባ ፈረመች። ለጠፍኩት። ኧረ ሲይዝ! ተንበረከከች፣ ታጠበች፣ ላቪንግተን ድረስ ለሴቶች ጸሎት ሄዳ በዝናብ ተመለሰች፤ ጫፉ እንኳ አልተነሳም። ሳምንቱን ሙሉ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

ቅዳሜ ለታ "እኔ ራሴ ነኝ የማነሳው" ብዬ ነርሷን ዞር አደረግኋት። አነሳሁት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የእናቴ ቆዳ ከፕላስተሩ ጋር ተነሳ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን እንደነከሰች እንባዋ ብቻ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲህ ጓንት አድርጌ ስጠጋት እግሯ ራሱ ወደኋላ ይሸሻል። "ነይ፣ ምንም አይደል" ትለኛለች በአፏ፤ እግሯ ግን ይሸሻል። እንዴት እንዳመመኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ጠንካራውን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ለስላሳውን ጀመርኩ። ሲሊኮን ነው፤ ሲነሳ ሕፃን እንኳ አያስለቅስም። እኛ ክንድ ላይ ሳምንት ይቆያል። እናቴ እግር ላይ ግን ነርሷ ረቡዕ ብትለጥፈው ሐሙስ ጠዋት ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይገኛል። ቅዳሜ ብትለጥፈው እሁድ አምልኮ ላይ። ቁስሉ ተገልጦ ከቀሚሷ ገበር ጋር ይጣበቃል፣ ገበሩን ለማላቀቅ ደግሞ ሌላ ስቃይ። ላብ ይሆን አልኩ። ካልሲው ይሆን አልኩ። ሙቀቱን፣ ውሃውን፣ ሳሙናውን፣ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። ጠርዙን አሰፋሁ፣ አጠበብኩ፣ ክብ አደረግሁ። አሁንም ወደቀ። ማዳም "እናትሽ እግር ላይ ምን አለ?" ስትለኝ ተቆጣሁ፤ "የእናቴ እግር ንጹሕ ነው!" አልኳት። ቱግ ማለት ልማዴ ነው፤ እሷም ስለምታውቅ ሳቀች።

እናቴ በመጨረሻ ሰለቻት። "በቃኝ፤ የአንቺንም የነርሷንም አልፈልግም፣ ጌታ ያውቃል" አለችና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አሰረችው። ዘጠኝ ቀን አልፈታችውም። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! በዘጠነኛው ቀን ሽታው ሳሎን ድረስ መጣ። አቅፌ፣ ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ጨርቁን አርጥባ አርጥባ ከፈታችው በኋላ እኔን ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። "ይህ ቁስል በየጊዜው መታጠብ አለበት፣ ታጥቦም ታሽጎ መቆየት አለበት። እምቢ ካለች፣ እግሩን..." አለችና አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

እናቴ ራሷ ፈርታ ነው መሰል ነርሷን ዳግም ለመቀበል እሺ አለች። ረቡዕ ጠዋት ለስላሳው ተለጠፈ፤ እኔም ከሥራ ቀርቼ ስለነበር ነርሷን እስከ በሩ ሸኘኋት። ደረጃው ላይ ቆም አለችና እንዲህ አለችኝ፦ "ያ ዘይታችሁ ሽታው ደስ ይላል፤ ምን ምን አለው?"

"የቱ ዘይት?"

"ፕላስተሩ ከመለጠፉ በፊት የምትቀባው ነዋ። ዳዋውን፣ መድኃኒቱን።"

"ማን ናት የምትቀባው?"

"ማማ ናታ! እግሯን አጥቤ አድርቄ፣ እጄን ልታጠብ ኩሽና ስገባ ትቀባለች። ምንድን ነው ስላት 'ዳዋ' አለችኝ፤ ወደ አንቺ ክፍልም ጠቆመችኝ። ከላብራቶሪያችሁ መስሎኝ!"

ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ጥቂት የስዋሂሊ ቃላት ብቻ ነው፤ በዚያች በአንዲት "ዳዋ" ወር ሙሉ ተግባብተው ኖረዋል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ተመለስኩ።

"እማዬ! ዘይት ትቀቢያለሽ?"

እናቴ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ቀጥላ ጣሪያውን አየች። በመጨረሻ እጇን ደረቷ ውስጥ ሰደደችና ጣት የምታህል ጠርሙስ አወጣች። የወይራ ዘይት ናት። ቆዳዋ ከተላጠ በኋላ፣ ላቪንግተን የሚሰበሰቡት የጸሎት ሴቶች በእሷ እግር ምክንያት ሦስት ቀን ጾመው የጸለዩባት ናት። በታጠበ ቆዳ ላይ፣ ቁስሉን ዙሪያውን፣ "በኢየሱስ ስም" እያለች ትቀባለች። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ። እኔ ሙጫ እንዲይዝበት የደከምኩበት ቦታ ላይ በሙሉ!

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እዚያ ጨጓራዬ ሲላጥ!"

"ልንገርሽና 'ዘይት ለሰላጣ ነው' እንድትይኝ?"

ብዬ ነበር። አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣ ስለ ሌላ ሰው ሲወራ፣ ብልጥ መስዬ ብዬ ነበር። ለካ ሰምታ በሆዷ ይዛዋለች።

"እነሱ ለእኔ ጾመዋል" አለች፣ ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ። "ያንቺ ሙጫ ሲለጠፍ እኔ ልቤ ይርዳል። እሷን ስቀባ ነው የሚረጋልኝ። እሷንማ አልተውም።"

አፈርኩም፣ ተናደድኩም፣ አንጀቴንም በላችው። ያው ቱግ ባይ ነኝና፣ በጨርቅ ከማሰሯ በፊት ቅዳሜ ለጥፈንላት እሁድ የወደቀውንና ያስቀመጥኩትን ፕላስተር በላስቲክ ከትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ወደ ወርክሾፕ ወጣሁ። ማታቱ ውስጥ ተቀምጬ አውጥቼ በአውራ ጣቴ አሸሁት። ሙልጭልጭ ይላል። "ይኸው! ዘይት እያለ ምን ይይዛል! ዘይት እኮ ሙጫን..." አልኩ ለራሴ።

ዘይት ሙጫን ያላቅቃል!

ዊግ ቤት፣ ከመስተዋቱ በስተቀኝ፣ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ምን ነበር? ዘይት! ሦስት ዓመት ሙሉ የስንቱን ሙሽራ ግንባር፣ የስንቷን ዘፋኝ ዊግ በምን ነበር የማላቅቀው? በዘይት! ቅንድብ ሳይነካ፣ ቆዳ ሳይቀላ! ዶክተር ሲሉኝ ጊዜ ረስቼው!

"ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ። የማታቱው ረዳት፣ ማካንጋው፣ መውረድ የፈለግሁ መስሎት የማታቱውን ጎን በጥፊ ደበደበ፣ ሾፌሩም መንገድ መሃል ቀጥ አለ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ወረድኩ። ከዚያ ያለውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩት።

ወርክሾፕ እንደደረስኩ ሰላም ሳልል መሳቢያውን ከፈትኩ። የጣልኩትን፣ የረገምኩትን፣ የእናቴን ቆዳ የላጠውን ጠንካራውን አወጣሁ። ማዳም "ምን ሆነሻል?" ስትል ክንዷን ሳብ አድርጌ ለጠፍኩባት፤ ለራሴም ለጠፍኩ። "ከምሳ በኋላ እናየዋለን" አልኳት። ምሳ የሚባል ነገር አልበላሁም፤ ማን ሊበላው! በዘጠኝ ሰዓት የእሷን በደረቁ ላጥኩት፤ በእንግሊዝኛም በኪኩዩም ተሳደበች። የእኔን ጫፍ ላይ ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ እስከ መቶ ቆጠርኩ፣ ጎተትኩ።

መጣ! ዝም ብሎ መጣ! ፀጉሬ በቦታው፣ ቆዳዬ በቦታው። ማዳም ክንዴን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየች፣ ገለበጠች፣ ደግማ አየች። ከዚያ እኔና እሷ፣ አንዲት ኢንጂነርና አንዲት ዊግ ለጣፊ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን በማሽኗ ዙሪያ ዘለልን።

በእርግጥ በዚያ አላለቀም። ዘይቱ ወደ ቁስሉ መግባት የለበትም፣ ወደ ሙጫው መሃል ግን መድረስ አለበት። ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ አወጣንለትና በስስ ክዳን ሸፈንነው፤ ክዳኑ ሲነሳ ዘይቱ በስንጥቁ ይገባል። ወደ ውስጥ በኩል ደግሞ ያንን ለስላሳውን ሲሊኮን እንደ ግድብ አዞርነው። ዘይቱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ጨምረን የት የት እንደሚሄድ አየን። መጀመሪያ ግድቡን ጥሶ መሃል ድረስ ገባ፤ ማዳም ራሷን ያዘች። ስንጥቁን አሰፋነው፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ ገባበት። አጠበብነው፣ ዘይቱ እምቢ አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን በጠዋት ተነስቼ ሥራ የሮጥኩበት ጊዜ የለም። አንድ ዓርብ ላይ ሰማያዊው ግድቡ ጋ ደርሶ ቆመ። ጠብ ሳይል ቆመ!

የቀረው የእናቴ ጠርሙስ ነበር። ሐኪሟ በማሸጊያው ተስማምታለች፤ "ዘይቱ ግን ንጹሕ፣ የታሸገና ለቆዳ የተሠራ ይሁን" ብላለች። እናቴ ደግሞ ያልተጸለየበት እግሬን አይነካም አለች። ማዳም የታሸጉ ትንንሽ የዘይት ጠርሙሶች አመጣች። "ይኸው፣ ወስደሽ አስጸልዪባቸው፤ ሳይከፈቱ" አልኳት እናቴን።

"ሳይከፈት? እንዴት ተደርጎ! ክዳኑ ተከፍቶ አይደል እንዴ የሚጸለይበት?"

ሐሙስ አብሬያት ላቪንግተን ሄድኩ። ጸሎቱን የሚመሩት እናት ጠርሙሱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ነቀነቁት። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። እኔ በፍርሃት ወንበሬ ጫፍ ላይ ነኝ፤ እኚህ ሴትዮ እምቢ ካሉ የእናቴ እግር አበቃለት።

"ለጌታ ክዳን ምኑ ነው!" አሉ።

ሃሌሉያው ቤቱን ሞላው። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

"አንድ ነገር ብቻ" አልኳቸው፣ እስኪሰክኑ ጠብቄ። "ፕላስተሩ ሲለጠፍ ሳይሆን ሲነሳ ነው የምትቀባው።" እሳቸው ወደ እናቴ ዞረው "ሰምተሻል? ሲነሳ ነው" አሏት። እኔ ወር ሙሉ ለምኜ እምቢ ያለችኝ ሴትዮ "እሺ እትዬ" አለች፣ ወዲያው!

ረቡዕ ተለጠፈ። ሐሙስ ጠዋት ሳትነቃ ገብቼ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፤ በቦታው ነው። ተንበረከከች፣ በቦታው ነው። ታጠበች፣ ላቪንግተን ሄዳ መጣች፣ እሁድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆማ ዘመረች። በቦታው ነው። በመሃሉ ቅዳሜ ነርሷ መጥታ አየችውና አልነካችውም፤ "ደህና ይዟል፣ እስከ ረቡዕ ይቆይ" አለች። እኔ ግን ደስታዬ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። ባለፈውም እኮ እንዲህ ነበር የያዘው።

ረቡዕ ነርሷ ጓንቱን ለእኔ ዘረጋችልኝ። "አንቺ ነሽ የሠራሽው፣ አንቺ አንሺው።" ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። የእናቴ እግር ወደኋላ ሸሸ። የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች፣ ትከሻዬን ጨመደደች። ስስ ክዳኑን ገለጥኩና ጠርሙሱን ከፍቼ ለእሷ ሰጠኋት። "አንቺ ጠብ አድርጊው፣ እማዬ።"

ነጠላውን ከአፏ አውጥታ በየስንጥቁ ጠብ ጠብ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነችና ጸሎት ጀመረች። ለእግሯ ጸለየች። ለነርሷ ጸለየች። ለማዳም፣ ስሟን እያጣመመች ጸለየች። ለእኔ ጸለየች፤ ባል አምጣላት አለች፣ በነርሷ ፊት! እኔ በልቤ እስከ መቶ ቆጥሬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ልክ እንደ ዊጉ፣ ከጫፉ ጀመርኩ።

"አሜን" አለች በመጨረሻ። ዓይኗን እንደጨፈነች ነጠላውን መልሳ ነከሰችና በጥርሷ መሃል "በይ ጀምሪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ታስጨንቂኛለሽ!" አለችኝ።

"እማዬ፣ ጨርሻለሁ።"

ዓይኗን ገለጠች። ፕላስተሩ እጄ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። በቁስሉ ዙሪያ ያ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ቆዳዋ እንዳለ ነበር፤ ጭረት የለበትም። እኔ ጩኸት ስጠብቅ፣ እልልታ ስጠብቅ፣ እሷ ትከሻዬን የጨመደደውን እጇን ላላ አደረገችና በዚያው እጅ ጉንጬን ዳበሰችኝ።

"እጅሽን እንዴት ፈርቼው እንደነበር" አለችኝ ቀስ ብላ። "የገዛ ልጄን እጅ።"

ነርሷ አማርኛ ባትሰማም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቁስሉ ታጠበ፣ ዙሪያው ከዘይቱ በሳሙና ጸዳ፣ ደረቀ። ልለጥፍ አዲሱን ይዤ ስጠጋ፣ እናቴ ሳልነካት፣ ራሷ እግሯን አንስታ ጭኔ ላይ አደረገችው።